የኤሌክትሪክ መልሕቅ ማንሻ ለባለ ሸራ ጀልባ፦ ከምርጫው እስከ ገጠማው

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ከአናፖሊስ በስተ ደቡብ፣ ሮድ ሪቨር የምትባል ጸጥ ያለች የቼሳፒክ ቤይ ጥግ አለች። በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ መልሕቅ ጥለን እናድራለን። አንድ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ድንገተኛ ነጎድጓድ መጣ። ነፋሱ አቅጣጫ ቀየረና መልሕቃችን ለቀቀ። ባለቤቴ መሪውን ያዘች። እኔ ከፊት ተንበርክኬ 30 ሜትር ሰንሰለት በእጄ መሳብ ጀመርኩ። የቼሳፒክ ጭቃ ጥቁርና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነው። ከሰንሰለቱ ጋር አብሮ ይወጣል፣ መያዣ ያሳጣል። መልሕቁ ጀልባው ላይ ሲደርስ ወገቤ አልቀና አለኝ። ለሚቀጥለው በጋ ሞተር ሳልገጥም እንደማልወጣ እዚያው ወሰንኩ።

ለዚህ ዕቃ በአማርኛ የተለመደ ስም የለም። ባለ ጀልባዎች ዊንድላስ ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ሥራውን ክረምቱን ራሴ ሠርቼዋለሁ፣ ከፊሉንም ሁለቴ ሠርቼዋለሁ። ዊንድላስ ሲነሣ ሰው ሁሉ ስለ ሞተሩ ጉልበት ይጠይቃል። ሞተሩ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ሥራውን የሚያበላሹትም የሚያሳምሩትም ሁለት መንገዶች ናቸው፦ ሰንሰለቱ የሚሄድበትና ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት። በተራ እንያቸው።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሰንሰለቱን ለኩ

ሰንሰለቱን የሚነክሰው መዘውር ጂፕሲ ይባላል። ዙሪያውን ኪሶች አሉት። እያንዳንዱ የሰንሰለት ቀለበት የራሱ ኪስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ኪሱና ቀለበቱ በልክ ካልተገጣጠሙ ሰንሰለቱ ይዘላል።

የመጀመሪያውን ዊንድላስ የገዛሁት ያገለገለ ነበር። ሻጩ «8 ሚሊሜትር ነው፣ ካንተ ጋር አንድ ነው» አለኝ። የእኔ ሰንሰለት 5/16 ኢንች ነው። ውፍረቱ 7.9 ሚሊሜትር ስለሆነ ለዓይን መንትያ ይመስላሉ። የቀለበቶቹ ርዝመት ግን ይለያያል። ወደቡ ላይ ያለ ጭነት ስሞክረው ደህና ነበር። ውሃ ላይ መልሕቁ ከጭቃው ሊላቀቅ ሲል ግን «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ጀመረ። ከዚያ ሰንሰለቱ ከመዘውሩ ላይ ተነሥቶ «ቅርርር» እያለ ተመልሶ ወረደ። እጄ ከሰንሰለቱ ግማሽ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። ዕቃውን በዚያው ሳምንት አወለቅኩት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሰንሰለቱን ወጠር አድርጋችሁ መሬት ላይ ዘርጉት። ከአንዱ ቀለበት መጀመሪያ ተነሥታችሁ እስከ አሥራ አንደኛው ቀለበት መጀመሪያ ለኩና ለአሥር አካፍሉት። አንድ ቀለበት ብቻ ከለካችሁ ትንሿ ስህተት አትታይም። አሥር ላይ ግን ፍንትው ትላለች። ለምሳሌ 10 ሚሊሜትር ሰንሰለት ሁለት ዓይነት አለ። በዲን 766 ደረጃ የተሠራው የቀለበት ርዝመቱ 28 ሚሊሜትር ነው፤ በአይሶ 4565 የተሠራው 30 ነው። አሥር ቀለበት ላይ 2 ሴንቲሜትር ሙሉ ይለያያሉ። ቀለበቶቹ ላይ የተቀረጸ ምልክትም ፈልጉ፤ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ጂ4 የሚል ታገኛላችሁ።

እንደ ልዊማር፣ ማክስዌል፣ ሎፍራንስና ክዊክ ያሉ አምራቾች የትኛው ጂፕሲ ለየትኛው ሰንሰለት እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አላቸው። የለካችሁትን ቁጥር ከዚያ ጋር አመሳክሩ። ሰንሰለቱ ያረጀና የተበላ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ለአሮጌ ሰንሰለት አዲስ ጂፕሲ ማልበስ ገንዘብ ማባከን ነው።

የሰንሰለቱን ጫፍ በገመድ ያስረዘማችሁ ከሆነ ሁለቱን በሻክል (በብሎን በሚዘጋ የብረት ማያያዣ) አታገናኙ፤ ሻክል መዘውሩ ላይ አያልፍም። ገመዱ ከመጨረሻው ቀለበት ጋር ተጠልፎ መሠራት አለበት። ጂፕሲውም ገመድና ሰንሰለት ሁለቱንም የሚይዝ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ።

ስንት ኪሎ ይጎትት?

እዚህ ላይ ነገሩ የመደመርና የማባዛት ነው። የእኔ ጀልባ 34 ጫማ፣ ማለትም 10.4 ሜትር ነው። መልሕቁ 16 ኪሎ ነው። ሰንሰለቱ በሜትር 1.6 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 30 ሜትሩ 48 ኪሎ ነው። ገመዱ 5 ኪሎ ገደማ ቢጨምር ድምሩ 70 ኪሎ ይጠጋል። የተለመደው ስሌት ይህን በሦስት ማባዛት ነው፤ 210 ኪሎ ይመጣል። እኔ በአራት አባዝቼ 280 አገኘሁና ከፍተኛ የመጎተት አቅሙ ከ300 ኪሎ የሚበልጥ ወሰድኩ። ጭቃ የያዘው መልሕቅ ከክብደቱ በላይ ስለሚጎትት ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ሞተሩ ሊቆም ሲል ያለው ጉልበት ነው። ሳይቸገር የሚሠራበት ጭነት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሩቡ ወይም ሲሶው። ይህ ትንሹ ቁጥር ከመልሕቁና ከሰንሰለቱ ድምር ማነስ የለበትም።

ሰንሰለቱ ስንት ሜትር ይሁን ለሚለው የምትቆሙበት ውሃ ይወስናል። ቼሳፒክ ጥልቀት የለውም፤ አማካዩ 6.4 ሜትር ነው። 3 ሜትር ውሃ ላይ ብቆም፣ የጀልባዬ አፍንጫ ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ስለሚል 4 ብዬ አስባለሁ። መልሕቁ በደንብ እንዲይዝ በአምስት ሳባዛው 20 ሜትር ሰንሰለት ይበቃኛል። የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ቦታ፣ ውሃው ከፍ የሚልበትን ጊዜ ጥልቀት ያዙ።

ቋሚ ወይስ ጋዳሚ?

ቋሚው ሞተሩ ከዴኩ (ከምንቆምበት የጀልባዋ የላይ ወለል) ሥር ነው፤ ላይ የሚታየው መዘውሩ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ መዘውሩን 180 ዲግሪ ያህል ስለሚዞረው በደንብ ይነከሳል። ጋዳሚው ሙሉ በሙሉ ዴክ ላይ ይቀመጣል፤ ሰንሰለቱ 90 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚነካው። ገጠማው ግን ይቀልላል፣ ሞተሩም ከሰንሰለት ማስቀመጫው እርጥበት ይድናል።

ምርጫውን የሚወስነው ግን የሰንሰለት ማስቀመጫው ነው። ሰንሰለቱ በራሱ ክብደት ነው ወደ ታች የሚወርደው። ሰንሰለቱ ሁሉ ገብቶ በተከመረበት ሰዓት፣ ከክምሩ ጫፍ እስከ ዴኩ ቀዳዳ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ መቅረት አለበት። ከዚያ ካነሰ ክምሩ እንደ ጉልላት ይሾልና ቀዳዳውን ይደፍናል፤ መዘውሩም ይታነቃል። እኔ ሰንሰለቱን በሙሉ በእጄ አስገብቼ ከላይ በሜትር ለካሁ። 41 ሴንቲሜትር ቀረኝ። ስለዚህ ቋሚውን መረጥኩ። 25 ቢሆን ኖሮ ያለ ምንም ክርክር ጋዳሚውን እገዛ ነበር።

ቦታውን በካርቶን ፈልጉ

አምራቹ ከዕቃው ጋር የመብሻ ንድፍ ይልካል። በካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ቁረጡት። ከዚያ ቀጭን ሲባጎ ከፊት ሮለሩ (ሰንሰለቱ አፍንጫው ላይ ከሚያልፍበት ተሽከርካሪ) መሃል ወደ ካርቶኑ ወጥሩ። ሲባጎው በሁለት መንገድ ቀጥ ማለት አለበት። ከላይ ሲታይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይጠመዝዝ የጂፕሲው ጎድጓድ ውስጥ መግባት አለበት። ከጎን ሲታይ ደግሞ ከዴኩ ጋር ትይዩ ሆኖ መሄድ አለበት። ጂፕሲው ከሮለሩ በጣም ዝቅ ካለ ሰንሰለቱ ዴኩን ይፈገፍጋል፤ ያኔ ከሥር ማሳደጊያ መደብ ይሠራለታል።

ከዚያ ከታች ገብታችሁ እዩ። ሞተሩ የሚወርድበት ቦታ ላይ ምሰሶ፣ ግድግዳ ወይም ሽቦ አለ? እጃችሁስ ደርሶ ዳዶ ማሰር ይችላል? እኔ ይህን ሳላይ ቢሆን ኖሮ አንዱ ብሎን ግድግዳው ላይ ይወርድብኝ ነበር። ካርቶኑን 4 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ሳብኩት። ይህን ሥራ ሁለት ቅዳሜ ሰጥቼዋለሁ፤ ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ ግን መሳብ የለም።

ዴኩን መብሳት

የብዙ ጀልባዎች ዴክ እንደ ሳንድዊች ነው። ላይና ታች ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ፎም ነው። ባልሳ ውሃ ካገኘ ይበሰብሳል። በብሎን ቀዳዳ የገባች ጠብታ ከዓመታት በኋላ ዴኩን እንደ ስፖንጅ ታደርገዋለች። ብዙ አሮጌ ጀልባ የሚሞተው በዚህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

የብሎኑ ውፍረት 8 ሚሊሜትር ከሆነ፣ መጀመሪያ በ16 ሚሊሜትር ፑንታ የላዩን ፋይበርግላስና የመሃሉን እንጨት ብቻ ብሱ። የታችኛውን ንጣፍ አትንኩት። የፑንታው ጫፍ ላይ ቴፕ ጠቅልላችሁ ጥልቀቱን ምልክት አድርጉበት። ቀዳዳውን አጽዱ፣ አድርቁ። ከዚያ ኤፖክሲ በሚባለው ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ፣ በማወፈሪያ ዱቄት አወፍራችሁ፣ ሙሉት። ሲደርቅ መሃሉን በ8 ሚሊሜትር ፑንታ እስከ ታች ብሱት። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በእንጨት ሳይሆን በጠንካራ ኤፖክሲ ውስጥ ነው። ውሃ ቢያመልጥ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም። ብሎኑም ሲጠብቅ ዴኩን አይጨፈልቀውም።

ትልቁን የሞተርና የሰንሰለት ቀዳዳ በክብ መጋዝ ከቆረጣችሁ በኋላ፣ ዙሪያውን ያለውን እንጨት በካቻቢቴ 2 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ፈልፍሉና በኤፖክሲ ድፈኑት። የእኔን ስቆርጥ የወጣውን ክብ ቁራጭ በጣቴ ተጫንኩት። ውሃ ወጣው። ባልሳው ቡናማ ሆኖ ነበር። የድሮው የእጅ መጎተቻ ብሎኖች ለዓመታት ሲያንጠባጥቡ ኖረዋል። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ ጠረግኩት፤ ትንሽ ማሞቂያ ከነፋስ ማራገቢያ ጋር አድርጌ አራት ቀን አደረቅኩት። በእርጥብ እንጨት ላይ ኤፖክሲ አይዝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኤፖክሲውን በአንድ ኩባያ ብዙ አድርጋችሁ አትበጥብጡ። በራሱ ይሞቃል፣ ያጨሳል፣ ሳትጠቀሙበትም ይደርቃል። ትንሽ ትንሽ በጥብጡ፣ ጥልቅ ቀዳዳውንም በሁለት ዙር ሙሉ።

ከሥር የሚደረገው ማጠናከሪያ ሳህን የዊንድላሱን እግር የሚያክል ወይም የሚበልጥ ይሁን። እኔ 12 ሚሊሜትር የባሕር ፕላይውድ ተጠቅሜያለሁ፤ በሁሉም በኩል ሦስት ጊዜ ኤፖክሲ ቀብቼ። 6 ሚሊሜትር አሉሚኒየምም ጥሩ ነው። ሳህኑን ሳትረሱ የዴኩን ውፍረት ደምራችሁ የብሎኑን ርዝመት አስሉ። በየዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ አድርጉ።

ለማሸጊያ ቡቲል ቴፕ ወይም ፖሊሰልፋይድ ምረጡ። ለዘላለም የሚያጣብቀውን ፖሊዩሬቴን አትጠቀሙ፤ ዊንድላሱ አንድ ቀን ለጥገና መነሣቱ አይቀርም፣ ያኔ ፋይበርግላሱን ይዞ ይነሣል። ብሎኖቹን ባንድ ጊዜ አታጥብቁ። ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ፣ በማግሥቱ ድገሙት። የዊንድላሱ አካል አሉሚኒየም ከሆነና ብሎኑ የማይዝግ ብረት ከሆነ፣ ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ የመለያ ቅባት ቀቡ። በጨዋማ ውሃ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ብሎኑን የሚፈታው ሰው አይኖርም።

የኤሌክትሪኩ መንገድ

ዊንድላስ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጨርስ ይመስላል። አይደለም። 100 አምፔር ለሦስት ደቂቃ ቢስብ 5 አምፔር ሰዓት ነው፤ ፍሪጅ በጥቂት ሰዓት ከዚያ በላይ ይወስዳል። ችግሩ የሚወስደውን ባንድ ጊዜ መውሰዱ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ባትሪ ሳይሆን ወፍራም ኬብል ነው።

የእኔ ባትሪ መሃል ላይ፣ ከመውረጃው ደረጃ ሥር ነው። ኬብሉ ዞሮ ዞሮ ፊት እስኪደርስ 10 ሜትር ነው። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሚቆጠረው ግን 20 ሜትር ነው። ይህን መርሳት የብዙ ሰው ስህተት ነው። በ20 ሜትር ላይ 100 አምፔር ሲሄድ፣ 16 ስኩዌር ሚሊሜትር ኬብል ከ2 ቮልት በላይ በመንገድ ያስቀራል። ከ12 ቮልት ሞተሩ ጋ የሚደርሰው 10 ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ ያኔ ሞተሩ ያቃስታል፣ ይሞቃል። 35 ስኩዌር 1 ቮልት ያህል ያስቀራል። 50 ስኩዌር 0.7 ብቻ። ለዊንድላስ እስከ 10 በመቶ መቀነስ ይፈቀዳል፤ ስለዚህ 35ቱ ያልፋል። እኔ 50 ዘረጋሁ። መልሕቁ ሲጣበቅ ሞተሩ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ በዚያች ሰዓት ነው ቮልቱ የሚያስፈልገኝ። በአሜሪካ ቁጥር 35ቱን የሚቀርበው ቁጥር 2 ነው፣ 50ውን የሚቀርበው ደግሞ 1/0።

ኬብሉ በቆርቆሮ የተለበጠ የጀልባ ኬብል ይሁን። ተራ የመኪና ኬብል በጨው አየር ውስጥ ከላስቲኩ ሥር ይጠቁራል። ጫፎቹን በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ጨምቁ፤ በመዶሻና በፒንሳ የተመታ ጫፍ 100 አምፔር አይሸከምም። መጭመቂያው ውድ ነው፤ የጀልባ ዕቃ ሱቆች ብዙ ጊዜ ለደንበኛ ያውሳሉ ወይም እዚያው ይጨምቁላችኋል። ከዚያ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚሸበሸብ ላስቲክ አልብሱት።

ባትሪ ከፊት ማስቀመጥስ? ኬብሉ ያጥራል። ግን ከባድ ነገር አፍንጫው ላይ ይጨመራል፣ ጀልባዋም ሞገድ ላይ ትደፋለች። መሙያ ኬብልም ያው መዘርጋቱ አይቀርም። እኔ አልወደድኩትም።

ብሬከሩ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ሞተሩ ጋ አይደለም። ብሬከር የሚጠብቀው ኬብሉን ነው፤ ኬብሉ መንገድ ላይ ቢላጥና ሾርት ቢያደርግ፣ ከብሬከሩ በፊት ያለው ክፍል ሁሉ እሳት ነው። ለአሜሪካ ጀልባዎች ደረጃ የሚያወጣው ኤቢዋይሲ ከባትሪው በ18 ሴንቲሜትር ውስጥ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከባትሪው ተነሥቶ መከላከያ ቱቦ ውስጥ ለሚሄድ ኬብል ርቀቱ ሊጨምር ይችላል። መጠኑን ከአምራቹ መመሪያ ውሰዱ። ደጋግሞ ሲወድቅባችሁ ተለቅ ያለ አታስገቡ፤ ለምን እንደወደቀ ፈልጉ።

የሞተሩን አዟዟር የሚቀይረውን ሶሌኖይድ የሚባል የኤሌክትሪክ ማብሪያ ሰንሰለት ማስቀመጫው ውስጥ አታድርጉት። ከግድግዳው ወዲህ፣ ደረቅ ቦታ ላይ እሰሩት። ሞተሩ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ተርሚናል ሊሆን ስለሚችል ሶሌኖይዱ የእሱ ዓይነት መሆኑን እዩ። የእግር ማብሪያ እጅን ነፃ ያደርጋል፤ በገመድ የሚያዝ ማብሪያ ደግሞ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። የእግር ማብሪያ ላስቲኩ ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባውና ሞተሩን በራሱ ሊያስነሣው ይችላል። በዚህም ምክንያት ዊንድላሱን በማትጠቀሙበት ሰዓት ሁሉ ብሬከሩ ይጥፋ።

ሙከራና አጠቃቀም

የጀልባዋን ሞተር አስነሡ፤ አልተርኔተሩ ባትሪውን እንዲያግዝ። አንድ ሰው ሰንሰለቱን ያንሣ፣ ሌላው ቴስተሩን ዊንድላሱ ተርሚናል ላይ ይያዝ። የእኔ ጭነት ላይ 12.4 ቮልት አሳየኝ። ከ10.5 ካነሰ የሆነ ቦታ የላላ ወይም በደንብ ያልተጨመቀ ጫፍ አለ። ወዲያው ብሬከሩን አጥፉና እያንዳንዱን ማያያዣ በእጃችሁ ዳብሱ። የሞቀው እሱ ነው ጥፋተኛው።

ውሃ ላይ ስትሆኑ ጀልባዋን በዊንድላስ አትጎትቱ። በጀልባዋ ሞተር ቀስ ብላችሁ ወደ መልሕቁ ሂዱ፤ ዊንድላሱ የላላውን ሰንሰለት ብቻ ይሰብስብ። ባለቤቴ መሪው ላይ ናት፣ እኔ ሰንሰለቱ ወዳለበት በእጄ አሳያታለሁ። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ሲቆምና መልሕቁ አልነቀል ሲል አቁሙ። ሰንሰለቱን በማቆሚያ ቆልፉና ጀልባዋ ራሷ ትንቀለው። በሮድ ሪቨር ጭቃ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል።

ስታድሩም ጭነቱ ዊንድላሱ ላይ አይደር። 8 ሜትር ያህል የናይለን ገመድ ሰንሰለቱ ላይ አያይዙና ክሊት (ዴክ ላይ ያለ ገመድ ማሰሪያ ብረት) ላይ እሰሩ፤ ከዚያ ሰንሰለቱን ትንሽ አላሉት። ገመዱ ይለጠጣል፣ ሞገዱንም ይውጣል፤ ማርሹ ያርፋል፣ እናንተም ከሰንሰለት ጩኸት ትገላገላላችሁ።

የሰንሰለቱን የመጨረሻ ጫፍ ማስቀመጫው ውስጥ ካለ ጠንካራ ቀለበት ጋር በገመድ እሰሩት፤ በብረት አይሁን። ገመዱ ዴክ ላይ እስኪወጣ የሚደርስ ይሁን። ሌላ ጀልባ ሊገጫችሁ ሲመጣ ገመዱን በቢላ ቆርጣችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

መዘውሩ ሲዞር ልጆች ከኋላ ይሁኑ። የተጣበቀ ሰንሰለት በእጅ ከመነካቱ በፊት ብሬከሩ ይጥፋ። በዓመት አንዴ መዘውሩን አውልቁ፣ መዘውሩን የሚይዘውን ሾጣጣ ቁራጭ (ኮኑን) ጥረጉ፣ ግራሶ ቀቡ። በዚያው ቀን የአደጋ ጊዜ የእጅ ማንሻውን አውጡና 5 ሜትር ሰንሰለት በእሱ ሳቡ። የእኛ ማንሻ ከመሪው አጠገብ ባለው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለቤቴም እኔም በጨለማ ዳብሰን እናገኘዋለን።